ዲስኩ ሲሞት ዳታው የት ይኖራል?

ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ፣ በጊትላብ ኩባንያ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ሥራውን ዘግቶ ሊያርፍ ሲል ዳታቤዙ አስቸገረው። ጊትላብ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። ዋናው የዳታቤዝ ሰርቨር የሚጽፈውን ሁሉ እየተከተለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨር ነበረው። በዚያ ሌሊት ጫናው በረታና ሁለተኛው ወደ ኋላ ቀረ፤ ቅጂውም ተቋረጠ። መሐንዲሱ ሁለተኛውን ባዶ አድርጎ ቅጂውን ከመጀመሪያው ለማስጀመር ወሰነ። ፎልደሩን ከነይዘቱ የሚሰርዘውን ትዕዛዝ ጽፎ አስገባ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ትዕዛዙን የሰጠው ለዋናው ሰርቨር መሆኑን አየ። ወዲያው አቋረጠው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ዳታ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ኩባንያው ራሱ ሳይደብቅ ጽፎ አሳትሞታል። ባልደረቦቹ ወደ ባክአፖቹ ሄዱ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው የዳታቤዝ ቅጂ የለም፤ ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም ቨርዥን ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልገጠመ ሥራው ሳይሳካ እየቀረ ኖሯል። ይህንን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም በተቀባዩ የፖስታ ሰርቨር ውድቅ እየተደረጉ ለማንም አልደረሱም። ቅጂዎቹ መቀመጥ የነበረባቸው ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው። ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ያው መሐንዲስ ለሙከራ ሥራ ብሎ የዳታቤዙን የኤልቪኤም ስናፕሾት፣ ማለትም የአንድ ቅጽበት መልኩን፣ አንስቶ ነበር፤ ዳታውም ወደ መሞከሪያው ሰርቨር ተገልብጧል። ከዚያ መልሶ ማምጣቱ፣ የመሞከሪያው ዲስኮች ዘገምተኛ ስለነበሩ፣ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሂደቱን ማንም እንዲያየው በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2፡20 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በዳታቤዙ ውስጥ የተጻፈው ግን ጠፍቶ ቀረ፤ በኩባንያው ግምት 5,000 ያህል ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል የተጠቃሚ አካውንቶች ተነክተዋል። ኮዱ ራሱ ለብቻው ይቀመጥ ስለነበር ተርፏል።

ይህንን ታሪክ ያነሣሁት ዳታ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ የሚፈራቸውን ነገሮች አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ዲስክ ይበላሻል። ቦታ ያልቃል። ሰው ይሳሳታል። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ሬይድ የሚባል፣ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ አለ። «ሰርቨራችን ሬይድ አለው፤ ባክአፕ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቃል ከአስተዋይ ሰዎች አፍ ሳይቀር ይሰማል። ያ ሰርቨር ምንም ያህል ዲስክ ቢደረደርበት የስረዛ ትዕዛዝ ሲመጣለት በሁሉም ዲስኮች ላይ በታማኝነት ይፈጽመዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የትኛውን አደጋ ለመከላከል እንደተሠራ ማወቅ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው አደጋ እንነሣ። በ1987 (የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በቀጣዩ ዓመት ቺካጎ በተደረገ የዳታቤዝ ጉባኤ ላይ አቀረቡት። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ድርጅቶች ከሚገለገሉባቸው ዲስኮች አንዱ አይቢኤም 3380 ነበር። 7,500 ሜጋባይት ይይዛል፤ 6,600 ዋት ይበላል። በሌላ በኩል ለግል ኮምፒውተር የተሠራ ኮነር የሚባል ትንሽ ዲስክ ወጥቷል፤ የሚይዘው 100 ሜጋባይት ነው፤ የሚበቃው 10 ዋት ነው። ሦስቱ ምሁራን ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ አንዱን ውድ ትልቅ ዲስክ ትተን ብዙ ርካሽ ትንንሾችን አንድ ላይ ብናሠራቸውስ?

ፍጥነቱም ኤሌክትሪኩም ዋጋውም ለትንንሾቹ ይመሰክር ነበር። የከፋው የአስተማማኝነቱ ስሌት ነው። ሁለቱም ዓይነት ዲስኮች በአማካይ 30,000 ሰዓት ሳይበላሹ ይሠራሉ ተብሎ ነበር፤ ይህ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። 100 ትንንሽ ዲስኮችን ብትደረድር ግን ከመካከላቸው አንዱ እስኪበላሽ ያለህ አማካይ ጊዜ 30,000 ሲካፈል ለ100፣ ማለትም 300 ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ዳታው በሁሉም ላይ ተሰራጭቶ ከሆነ የአንዱ መሞት የሁሉም ሞት ነው። ይህ ስሌት ዛሬም አልተለወጠም፤ ለቦታ ብሎ ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ያጣበቀ ሰው አደጋውን በእጥፍ ማሳደጉን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም።

መልሳቸው ትርፍ መረጃ መጻፍ ነበር። ሐሳቡ ከእነርሱም በፊት ነበረ፤ የአይቢኤሙ ኬን ኦውቺ የጠፋን ዲስክ ይዘት ከቀሪዎቹ አስልቶ የመመለስ ዘዴ አቅርቦ በ1978 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። የበርክሌዮቹ ዘዴዎቹን በደረጃ ከፋፍለው፣ የእያንዳንዱን ወጪና ጥቅም አስልተው፣ ሬይድ የሚል ስም ሰጡት። በጽሑፋቸው ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ዘረዘሩ፤ 0 እና 6 የሚባሉት በኋላ የመጡ ናቸው።

ሬይድ 1 ለመረዳት የማያስቸግር ነው፤ የተጻፈው ሁሉ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል። ሬይድ 5 ግን ትንሽ መቆምን ይጠይቃል፤ ውበቱም እዚያ ነው። ሦስት ዲስኮች በአንድ ቦታ ላይ 7፣ 5 እና 9 ይዘዋል እንበል። አራተኛው ላይ ድምራቸውን 21ን ጻፍ። አሁን 5ን የያዘው ዲስክ ቢቃጠል ከ21 ላይ 7ንና 9ን ቀንሰህ 5ን ታገኘዋለህ። የትኛውም አንዱ ቢጠፋ ቀሪዎቹ ይመልሱታል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በመደመር ሳይሆን በቢት ነው፤ በየቦታው ያሉትን 1ዎች ይቆጥርና ብዛታቸው ጎዶሎ ከሆነ 1፣ ሙሉ ከሆነ 0 ይጽፋል። ይህ ፓሪቲ ይባላል። ሬይድ 5 ፓሪቲውን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አያከማችም፤ ለሁሉም በየተራ ያዳርሰዋል። አለበለዚያ እያንዳንዱ ጽሕፈት ያንን አንድ ዲስክ ስለሚጠብቅ ሁሉም ይዘገያል። ሬይድ 6 ሁለተኛ፣ በሌላ ስሌት የተሠራ ፓሪቲ ይጨምራል፤ ሁለት ዲስኮች አንድ ላይ ቢሞቱ እንኳ ዳታው አለ።

ነገሩን በተግባር ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ስቱዲዮ እናስብ። እንዲህ ያለው ቤት ዳታውን አብዛኛውን ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ በተደረደሩ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ላይ ነው የሚያኖረው፤ የሙሽሮቹ ስም በማርከር ተጽፎባቸው። አንዱ ወድቆ ቢሰበር የአንድ ቤተሰብ ሠርግ አብሮ ይሄዳል፤ ሠርግ ደግሞ እንደገና አይቀረጽም። ስቱዲዮው አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ገዝቶ አንድ የሊኑክስ ማሽን ውስጥ ቢያስገባ፣ 12 ቴራባይት በሬይድ 5፣ 8 ቴራባይት በሬይድ 6 ያገኛል። ሬይድ 10 በሚባለው፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በሚቀዱበት አሠራርም እንዲሁ 8 ቴራባይት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 12ቱን ይመርጣል። እኔ ብሆን አልመርጥም፤ ምክንያቴም ዲስክ ከሞተ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው። የሞተው በአዲስ ሲተካ ማሽኑ የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አራተኛውን ያሰላል። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ቢጽፍ እንኳ 4 ቴራባይት ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ሌላ ሥራም ካለበት ከዚያ በላይ። በእነዚያ ሰዓታት ሬይድ 5 ምንም መጠባበቂያ የለውም። ለቤትና ለቢሮ የሚሸጡ የብዙ ዲስኮች አምራቾች ደግሞ ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም እንደሚችል በመግለጫቸው ይጽፋሉ። ወደ ባይት ሲቀየር 12.5 ቴራባይት ነው፤ የእኛ ስቱዲዮ መልሶ ለመገንባት የሚያነበው 12 ነው። በተግባር ዲስኮች ከመግለጫቸው የተሻሉ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ሙቀት፣ እኩል ሰዓት የሠሩ ዲስኮች እርጅናቸውም አብሮ ይመጣል። 4 ቴራባይቱን ትቶ ሬይድ 6ን መምረጥ ያስቆጫል፤ ሆኖም በምትኩ የሚገዛው ነገር የመጠገኛ ጊዜ ነው።

ሊኑክስ ላይ ይህንን ሁሉ የሚሠራው የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አካል የሆነው ኤምዲ ነው፤ ማዘዣው ደግሞ ኒል ብራውን የጻፈው ኤምዲአድም። ለብቻው የሚገዛ የሬይድ ካርድ አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ አራቱ ዲስኮች ለቀሪው ሲስተም እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ይታያሉ። የመጀመሪያው አደጋ መልስ አገኘ፤ ሁለተኛው ገና ነው።

የቦታ ጉዳይ በሠርግ ስቱዲዮ ውስጥ ወቅት አለው። ጥር ላይ ሠርግ ይደራረባል፤ ጥሬው ቀረጻ በየሳምንቱ መጨረሻ በመቶ በሚቆጠሩ ጊጋባይቶች ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆምና ማቀናበሩ ይቀጥላል፤ ያለቀው ወደ ማኅደር ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቀረጻው እንደገና ይጎርፋል። ማሽኑ ሲተከል ዲስኩን በፓርቲሽን ከፋፍሎ «ይህ ለቀረጻ፣ ይህ ለማኅደር፣ ይህ ለሒሳብና ለደንበኛ ዳታቤዝ» ብሎ የወሰነ ሰው ጥር ላይ የቀረጻው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቶ የማኅደሩ ግማሽ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ፓርቲሽን ድንበሩ በዲስኩ ላይ የተሠመረ ነው፤ ጎረቤቱን ሳያፈናቅል አይሰፋም።

ኤልቪኤም የመጣው ለዚህ ነው። ለሊኑክስ የመጀመሪያውን የጻፈው ሃይንዝ ማውልስሃገን ነው፤ በ1998፣ የኤችፒ ዩኒክስ ሲስተም የነበረውን አሠራር አርአያ አድርጎ። አሠራሩን ገበሬ ያውቀዋል። ከየማሳው የመጣው ጤፍ በየጆንያው ሳለ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይለያል፤ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን የሚወጣው በቁና እየተሰፈረ ነው፤ የየትኛው ማሳ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በኤልቪኤም ቋንቋ እያንዳንዱ ዲስክ ወይም የሬይድ ስብስብ ፊዚካል ቮልዩም ይባላል፤ ጎተራው ቮልዩም ግሩፕ ነው፤ ቁናው ኤክስቴንት ነው፤ ተሰፍሮ ለሥራ የወጣው ሎጂካል ቮልዩም። አንድ ኤክስቴንት በተለምዶ 4 ሜጋባይት ያህል ነው። የእኛ ስቱዲዮ 8 ቴራባይት ወደ 1.9 ሚሊዮን ኤክስቴንቶች ይሰፈራል ማለት ነው። ኤልቪኤም የሚይዘው የትኛው ቁጥር የትኛው ዲስክ ላይ የት እንዳለ የሚናገር ሠንጠረዥ ነው። ሎጂካል ቮልዩም ማስፋት በሠንጠረዡ ላይ መስመር መጨመር ነው፤ አዲሶቹ ኤክስቴንቶች ከድሮዎቹ አጠገብ መሆን የለባቸውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ምክር አለ፤ አጥብቄ የምናገረው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ቦታ አታከፋፍል። ለቀረጻ 2 ቴራባይት፣ ለማኅደር 2፣ ለዳታቤዙ 100 ጊጋባይት ስጥና ቀሪውን ጎተራው ውስጥ ተወው። ጥር ላይ ቀረጻው ሲሞላ በኤልቪኤክስቴንድ አንድ ትዕዛዝ 1 ቴራባይት ትጨምርለታለህ፤ ፋይል ሲስተሙም አብሮ ይሰፋል። አቀናባሪው ቪዲዮውን እየሠራ ሳለ፣ ማሽኑ ሳይዘጋ። መቀነስ ግን እንደ መጨመር አይቀልም። ኤክስቲ4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ለመጥበብ መጀመሪያ ከአገልግሎት መነሣት አለበት። ኤክስኤፍኤስን ላጥብብህ ቢሉት በተግባር እሺ አይልም። ለአንዱ አብዝቶ ሰጥቶ በኋላ መልሶ ለመውሰድ ከመታገል አሳንሶ ሰጥቶ እየጨመሩ መሄድ ይሻላል።

የንብርብሩ ቅደም ተከተል ላይ ጥፋት ይበዛል። ሬይዱ ከሥር፣ ኤልቪኤሙ ከላይ መሆን አለበት። ኤልቪኤም ሁለት ተራ ዲስኮችን ያለምንም ሬይድ አንድ ጎተራ ውስጥ ይጨምርልሃል፤ አይከለክልህም። በሁለቱ ላይ የተዘረጋ ሎጂካል ቮልዩም ግን አንዱ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ የበርክሌዮቹ ስሌት ማለት ነው። ዛሬ ኤልቪኤም ራሱ ሎጂካል ቮልዩሞችን በሬይድ መልክ መፍጠር ይችላል፤ ከውስጥ የሚጠቀመው ያንኑ የኤምዲን ኮድ ነው። ለዳታቤዙ ሬይድ 1፣ ለማኅደሩ ሬይድ 6 እያሉ ለየብቻ መወሰን ያስችላል። ለአንድ ስቱዲዮ ግን ሬይዱን ለብቻው ሠርቶ ኤልቪኤሙን ከላዩ ማድረጉ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ዲስክ በሞተበት ሌሊት ምን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይበዛለታል።

ለሦስተኛው አደጋ፣ ለሰው ስህተት፣ የሚረዳው ስናፕሾት የሚገኘው በዚሁ ንብርብር ላይ ነው። ስናፕሾት ሲነሣ ዳታው አይገለበጥም፤ ለዚህ ነው በሰከንዶች የሚያልቀው። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ቮልዩም ላይ አንድ ቦታ ሊለወጥ ሲል የቀድሞው ይዘት አስቀድሞ ለስናፕሾቱ ወደ ተከለለው ቦታ ይገባል። ስናፕሾቱን የሚያነብ ሰው ያልተለወጠውን ከዋናው፣ የተለወጠውን ከክልሉ እያገኘ የዚያችን ቅጽበት ሙሉ መልክ ያያል። ለዳታቤዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራው ሳይቆም የአንድ ቅጽበትን ወጥ ቅጂ ወደ ሌላ ማሽን ማውጣት ይቻላል። የጊትላቡ መሐንዲስ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። የተከለለው ቦታ ከሞላ ስናፕሾቱ ዋጋ ያጣል፤ እንደገና አይነበብም። ደግሞም ስናፕሾቱ የሚኖረው ዋናው ዳታ ባለበት ጎተራ ውስጥ፣ በእነዚያው ዲስኮች ላይ ነው። ማሽኑ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል አብሮ ይሄዳል። ባክአፕ የሚሆነው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው።

በእኛ አገር የመብራቱ ነገር ሊዘለል አይችልም። ሬይድ 5 እና 6 አንድ ለውጥ ሲጽፉ ዳታውንም ፓሪቲውንም በተለያዩ ዲስኮች ላይ ነው የሚጽፉት። ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ገና ሳይጻፍ መብራት ከጠፋ ሁለቱ አይስማሙም። ማሽኑ ሲነሣ ሁሉንም አንብቦ ያስተካክላል፤ ነገር ግን ያ ከማለቁ በፊት አንድ ዲስክ ቢሞት የተሳሳተው ፓሪቲ የተሳሳተ ዳታ ያሰላል። ስህተት መሆኑንም የሚናገር የለም። ሊኑክስ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ጽሕፈቱን አስቀድሞ በሌላ ፈጣን ዲስክ ላይ የሚመዘግብ ጆርናል ማያያዝ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ዩፒኤስ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያዝ ዩፒኤስ እንጂ እስኪያልቅ እየጮኸ የሚቆይ ብቻ መሆን የለበትም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚሠራ ስቱዲዮ ከአምስተኛ ዲስክ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ሬይድ ሲጎድልም ዝም ብሎ ይሠራል፤ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። አንድ ዲስክ ሞቶ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ቪዲዮው ይከፈታል፣ ማንም አያውቅም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እስኪከተሉ። ኤምዲአድም ጉድለት ሲያይ ኢሜይል እንዲልክ ይደረጋል። የጊትላብ ኢሜይሎችም ተልከው ነበርና መላካቸው አይበቃም፤ ለሙከራ አንድ አስልኮ መድረሱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በወር አንድ ጊዜም ስብስቡ ሁሉንም ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር አንብቦ እንዲፈትሽ ይታዘዛል፤ ብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ይህንን ራሳቸው ያዘጋጁታል። የማይነበብ ቦታ ካለ አራቱም ጤነኛ ሳሉ መገኘቱ ይሻላል። በእያንዳንዱ ዲስክ መያዣ ላይ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር ጽፎ መለጠፍ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ የሞተውን ላውጣ ብሎ ደህናውን የነቀለ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዓመታት በኋላ 8 ቴራባይቱም ይሞላል። ያን ጊዜ አራቱን ዲስኮች በአንድ ጊዜ መጣል አያስፈልግም። አንዱ ይወጣል፣ ባለ 8 ቴራባይት ይገባል፣ ግንባታው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሁሉም ሲተኩ ስብስቡ እንዲያድግ ይታዘዛል፤ ፊዚካል ቮልዩሙ ይሰፋል፤ ጎተራው ውስጥ አዲስ ባዶ ኤክስቴንቶች ይታያሉ። ጭራሽ አዲስ የሬይድ ስብስብ ተሠርቶ ከሆነ ደግሞ እሱን ወደ ቮልዩም ግሩፑ ማስገባትና ፒቪሙቭ በሚባለው ትዕዛዝ ኤክስቴንቶቹን አንድ በአንድ ከድሮው ወደ አዲሱ ማዘዋወር ይቻላል፤ ቮልዩሞቹ በሥራ ላይ እንዳሉ። ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት ሌላ ቦታ ካለው ባክአፕ አንድ ሙሉ ሠርግ መልሶ አውጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማጫወት ያስፈልጋል። ካልተከፈተ ዝውውሩ ይቆያል፤ ባክአፑ እስኪስተካከል።